ከቶሌዶ እስከ ደብረ ብርሃን፦ መጻሕፍት እርስ በርስ ሲጠራሩ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

አሜሪካ አገር ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ አንድ ድረ ገጽ አለ። ጉዳዩ ግን ግማሹ እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። ሥራው የተአምረ ማርያምን ታሪኮች ማሰባሰብና ማገናኘት ነው፤ በግዕዝ የተጻፉ ከ1,000 በላይ ታሪኮችና ከ2,500 በላይ ሥዕሎች። አንዱን ታሪክ ስትጫኑት በየትኞቹ ብራናዎች ላይ እንደሚገኝ፣ ብራናዎቹ ዛሬ የት እንደተቀመጡ፣ በየትኛው ዘመን እንደተጻፉ፣ ሠዓሊዎች ታሪኩን እንዴት እንደሳሉት ይዘረግፍላችኋል። አንዱን ብራና ስትጫኑት ደግሞ በውስጡ ያሉትን ታሪኮች በተራ ያወጣል። እንዲህ እያላችሁ ከታሪክ ወደ ብራና፣ ከብራና ወደ ሥዕል ስትሻገሩ ሳታስቡት ይነጋል። እኔ ላይ ደርሷል።

የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ግን ከማሽኑ ይልቅ ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። እነዚህ ታሪኮች ድረ ገጽ ከመፈጠሩ በፊት ማን አገናኛቸው? ከየት መጥተው የት ተገናኙ? መልሱን ስትከተሉት መንገዱ ዞሮ ዞሮ ደብረ ብርሃን ያደርሳችኋል።

ከደቅስዮስ እንጀምር። በእኛ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ያደገ ሰው የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያውቃል፤ 78 ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም ባጠጣው ጥርኝ ውኃ የዳነውን ማለቴ ነው። የደቅስዮስም ታሪክ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ከሚነበቡት ነው። ጳጳስ ነበር፤ እመቤታችንን ስለሚወዳት ስለ እሷ መጽሐፍ ጻፈ፤ እሷም ተገልጣ ልብስና ወንበር ሰጠችው፤ ካንተ በቀር ማንም እንዳይለብሰው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት አለችው። እሱ ካረፈ በኋላ የተሾመው ጳጳስ ደፍሮ ለበሰና ተቀመጠ፤ ወድቆም ሞተ። ታኅሣሥ 22 ይታሰባል።

የደቅስዮስ አገር «ጥልጥልያ» ነው። ልጅ ሆኜ ግብፅ ውስጥ ያለ ከተማ ይመስለኝ ነበር። ጥልጥልያ ግን የስፔኗ ቶሌዶ ናት። ዐረቦች ጡለይጡላ ይሏት ነበር፤ ስሙ በዐረብኛ በኩል ስላለፈ ነው እንዲህ ሆኖ የደረሰን። ደቅስዮስም እ.ኤ.አ. ከ657 እስከ 667 የቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ኢልዴፎንሶ ነው፤ ስለ እመቤታችን ድንግልና የጻፈው የላቲን መጽሐፍ ዛሬም አለ። ስሙ በጉዞ ላይ ተሸራርፎ ደቅስዮስ ሆነ እንጂ ሰውየው ያው ነው።

ጉዞውም ረጅም ነው። በምዕራብ አውሮፓ፣ በተለይ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የማርያም ተአምራት በላቲን ይሰበሰቡ ነበር። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተሻገሩ፤ በዐረብኛ ተተረጎሙ፤ የግብፅና የአካባቢው ክርስቲያኖች የራሳቸውን ታሪክ ጨመሩባቸው። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሱት በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1400 አካባቢ። ዳዊት መጽሐፉን በወርቅ እንዳስጻፉት የሚናገር ታሪክም ራሱ ተአምር ሆኖ መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ስለ ራሱ መጻፍ ይናገራል።

ይህን የላቲን፣ የዐረብኛና የግዕዝ ዝምድና አንድ በአንድ ፈትሾ እ.ኤ.አ. በ1943 ሮም ላይ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። ቼሩሊ በፋሺስት ወረራ ጊዜ አገራችንን ካስተዳደሩት ከፍተኛ ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። ሊቅነቱን መካድ አልችልም። ደስ እያለኝ አላነበውም፤ ግን አነበዋለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሡ። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን «ብዙ መጻሕፍት የጻፉ ንጉሥ» ብለው ያልፏቸዋል፤ ተማሪው ፈተና ላይ ያንን ይጽፋል፤ በቃ። ያደረጉት ግን ከዚያ ይበልጣል። አባታቸው ያስተረጎሙትን መጽሐፍ ሥርዓት አደረጉት። የእመቤታችንን በዓላት 33 አድርገው እንዲከበሩ አዘዙ፤ ተአምሯም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ደነገጉ። መጽሐፍ የተጻፈበት አገር ሁሉ መጽሐፉን አያነብም፤ እዚህ ግን መነበቡ ግዴታ ሆነ። ግዴታ ሲሆን ቅጂ ያስፈልጋል፤ ቅጂ ሲበዛ ጸሐፊው የአካባቢውን ታሪክ ይጨምራል። ድረ ገጹ ላይ ዛሬ የምናየው ያ ሁሉ ብራና የዚያ ትእዛዝ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከተጨመሩት ታሪኮች ሁለቱ የሰሜን ሸዋ ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው የደብረ ምጥማቅ ነው። ግብፅ ውስጥ እመቤታችን ትገለጥበት የነበረ ምጥማቅ የሚባል ገዳም ነበር። መፍረሱን የሚገልጽ መልእክት ለዘርዓ ያዕቆብ ደረሳቸው። አለቀሱ፤ ከዚያም በዚያው ስም ጠጉለት ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1450 አካባቢ የሰንበትን ጉዳይ የቋጨው ታላቅ ጉባኤ የተደረገው እዚያው ነው። ግንቦት 21 የምናከብረው በዓል የግብፁን ገዳም ያስባል፤ ስሙ ግን ጠጉለት ላይ በቅሏል። ጠጉለት የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ከዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ግብፅን ማሰብ ይከብዳል።

ሁለተኛው የራሷ የደብረ ብርሃን ነው። ንጉሡ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ብርሃን ከሰማይ ወረደ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ፤ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ተሠራበት፤ ዘላን የነበረው የንጉሥ ከተማ እዚህ ረጋ። ንጉሡም እስኪያርፉ ድረስ ኖሩበት። (ጎንደር ያለው፣ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌላ ነው፤ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ተማሪ ያምታታዋል።) ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየችው የሃሌ ኮሜት ትሆናለች የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። እኔ ለዚህ ክርክር ብዙም ግድ የለኝም። ግድ የሚለኝ ዜና መዋዕሉ ከብርሃኑ በፊት የሚናገረው ነገር ነው።

ብርሃኑ ከመታየቱ 38 ቀን በፊት ሰዎች በድንጋይ ተወግረው ነበር። ደቂቀ እስጢፋኖስ ይባላሉ፤ የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት ናቸው። ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ እንሰግዳለን እንጂ ለሥዕልና ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። በንጉሡ ወገን በተጻፉት መጻሕፍት ብርሃኑ የሰማይ ምስክርነት ነው፤ ፍርዱ ትክክል ነበር የሚል ማኅተም። ይህን እዚህ ላቆየውና መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አንዳንድ ሰው ይህን «ሊንክ» የሚባል ነገር የዘመኑ ግኝት ያደርገዋል። እስቲ የድሮ ወንጌል ግለጡ። ከወንጌሉ በፊት፣ በአምዶችና በቅስቶች ያጌጡ ገጾች ታገኛላችሁ፤ በውስጣቸው የተደረደረው ቁጥር ነው። የቂሳርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዘጋጃቸው 10 ሰንጠረዦች ናቸው፤ በማቴዎስ ይህ ቁጥር ያለው ክፍል በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ የትኛው ቁጥር ላይ እንደሚገኝ ያሳያሉ። ጣትህን ቁጥሩ ላይ ታደርጋለህ፤ ወደ ሌላው ወንጌል ትሄዳለህ። ይህ ሊንክ ካልሆነ ምንድን ነው? የአባ ገሪማ ወንጌሎች በዓለም ላይ ከተረፉት ጥንታዊ ሥዕላዊ ወንጌሎች ውስጥ ናቸው፤ እነዚህን ሰንጠረዦች ከነቅስቶቻቸው ይዘው ቆይተዋል።

የትርጓሜ መምህራኖቻችን ደግሞ ሰንጠረዥም አላስፈለጋቸውም። መምህሩ አንድ ቃል ያነሳል፤ «አንድም» ይላል፤ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ከዚያ ከመዝሙር ወይም ከጳውሎስ አንድ ሐረግ ጠቅሶ «እንዲል» ብሎ ይዘጋል። «እንዲል» ማለት ይህ ቃል እዚያም አለ፣ ሂድና እየው ማለት ነው። ማሽኑ መምህሩ ራሱ ነው፤ ሁሉን በቃሉ ይዞታል። ችግሩ ማሽኑ ይሞታል። ሌላም ችግር አለው፤ አንድ ሰው በቃሉ ሊይዝ የሚችለው ያነበበውን ብቻ ነው። መንዝ ያለው መምህር ሎንዶን ያለውን ብራና አላየም፤ ሎንዶን ያለው ሊቅ መንዝን አላየም።

ብራናው ለምን ሎንዶን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ መቅደላን ደግሜ አልተርክም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሌዲ ሜዩ የሚሏት አንዲት እንግሊዛዊት ባለጸጋ የተአምረ ማርያም ብራናዎች ነበሯት፤ ዎሊስ በጅ እ.ኤ.አ. በ1900 አሳተመላት። ሴትየዋ ስትሞት ብራናዎቹ ለዐፄ ምኒልክ እንዲመለሱ ተናዝዛ ነበር። ምኒልክ እዚህ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱ ናቸው። ኑዛዜው አልተፈጸመም፤ ብራናዎቹ አሜሪካዊው የጋዜጣ ባለሀብት ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት እጅ ገቡ።

አንኮበርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1839 ጀምሮ፣ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ሸዋ ተቀምጦ ነበር። እዚያ የሰበሰባቸውን የግዕዝ ብራናዎች ወደ ቱቢንገን ላከ። በዚያ ከተማ ግዕዝ ከተማሩት አንዱ አውጉስት ዲልማን ነው፤ በ1865 ያሳተመው የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት እስካሁን የሚተካው አልተገኘም። ይህ መዝገበ ቃላት ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ያወጡት የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። «ቤተ መጻሕፍት» የሚል የግዕዝ ስም ያለው ሌላ ፕሮጀክትም አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ 25 ዓመት እንዲሠራ የታቀደ። ለእያንዳንዱ የግዕዝ ድርሰት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ድርሰቱን ከብራናው፣ ከጸሐፊው፣ ከቦታው፣ ከቅዱሱ ጋር ያያይዙታል። የእኛ ሥራ ሴሚስተር ነው፤ የነሱ 25 ዓመት! ቅናት ይሁን አድናቆት እንጃ።

ከሁሉም በላይ ግን ለነዚህ ድረ ገጾች መሠረት የጣለው ሥራ እዚሁ አገር ቤት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1973 የመንበረ ፓትርያርኩ፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና ሚኒሶታ ያለው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተስማምተው የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። ብራናው ቤቱ ይቀራል፤ ምስሉ ይወሰዳል። ደርግ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ረኃብ መጣ፤ ሥራው እየተንገዳገደም ቢሆን ቀጠለና ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ። ብዙዎቹ የሸዋ ናቸው። ዛሬ ምስሎቹ ኢንተርኔት ላይ ገብተዋል፤ ተመዝግቦ በነፃ ማየት ይቻላል።

የነዚህን ብራናዎች ካታሎግ ካዘጋጁት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የሸንኮራ ልጅ፤ የሰሜን ሸዋ ሰው። በደርግ መጀመሪያ ዘመን በጥይት ተመተው ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፉ። ተሰደው ሚኒሶታ ገቡ። አስቡት፤ አገራቸውን መርገጥ ያልቻሉ ሰው፣ በረዶ አገር ተቀምጠው፣ የመንዝንና የቡልጋን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ገጽ በገጽ በፊልም እያዩ «ይህ ታሪክ በዚያኛውም ብራና አለ» እያሉ ሲጽፉ። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። «አንዳፍታ ላውጋችሁ» የሚለውን የሕይወት ታሪካቸውን ያላነበባችሁ ፈልጉት።

ካታሎጉን አብረዋቸው የሠሩት ዊልያም ማኮምበር የሚባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ደግሞ የተአምረ ማርያምን ታሪኮች ከየብራናው ለቅመው ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጡ፤ ከ600 በላይ። ይህ ቁጥር ለምን አስፈለገ? አንዱ ብራና ላይ 12ኛ የሆነው ታሪክ ሌላው ላይ 47ኛ ሊሆን ይችላል፤ ርእስ የለውም፤ ሁሉም «ተአምሪሃ» ብሎ ይጀምራል። መለያው የታሪኩ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። የፕሪንስተኑ ድረ ገጽ የተነሣው ከዚህ ዝርዝር ነው። የሚመሩት ዌንዲ ቤልቸር ናቸው፤ ልጅነታቸውን በከፊል ጎንደር ያሳለፉ። ግዕዝ አዋቂ ኢትዮጵያውያን አብረዋቸው ይሠራሉ። ሥራውን የጀመሩት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚሞላው ተራ የኢንተርኔት ሰንጠረዥ ነበር፤ የትምህርት ቤታችን ሬከርድ ኦፊሰር ውጤት የሚሞላበት ዓይነት! የአንድ ያልታወቀ ታሪክ መነሻ ቃላት በግዕዝ ሲጻፍለት ከሚመስሉት ጋር አመሳክሮ ይህ ቁጥሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም የሚል መሣሪያም አላቸው።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። የእኛ ፊደል ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለው፤ ሰና ሠ አለው፤ ጸሐፊው እንደ ልቡ ይለዋውጣል። የከተማችንን ስም ራሱ «ብርሃን»፣ «ብርሀን» እያልን የምንጽፍ ሰዎች ነን። ኮምፒውተር ለሁለቱ ሁለት ቃል ነው የሚላቸው።

ይህን በምን አወቅሁ? ዘንድሮ ከአይሲቲ ክበብ ልጆች ጋር ትንሽ ገጽ ስለሠራን ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በፍላሽ ይዞራል። አምስት ነጥቦች ብቻ አሉት፦ የቶሌዶው መጽሐፍ፣ ተአምረ ማርያም፣ የዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፈ ብርሃን፣ የንጉሡ ዜና መዋዕል፣ የደቂቀ እስጢፋኖስ ገድል። አንዱን ስትነኩት ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኘው መስመር ይበራል። የደነገግኩት አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ስም የሌለው መስመር አይሰመርም። «ይገናኛሉ» ማለት አይበቃም፤ እንዴት? ተረጎመው? ጠቀሰው? ጨመረበት? ተከራከረው?

አራቱን በአንድ ሳምንት ጨረሱ። የጸናባቸው አምስተኛው ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው የነዚህን መነኮሳት ገድል «ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ልጆቹ ከእሱ የተወሰኑ ገጾች አነበቡ። መናፍቃን እየተባሉ የሚወገዙት ሰዎች እዚያ ሰማዕታት ናቸው። ሲገረፉ፣ አካላቸው ሲቆረጥ፣ ሲሰደዱ ይተረካል፤ ሕግ ይጠቅሳሉ፣ ንጉሡን ፊት ለፊት ይሞግታሉ። የንጉሡን መጻሕፍት ብቻ ይዘን ስንቆም የከተማችን ስም ብርሃን ብቻ ነው። ገድሉን አጠገቡ ስናስቀምጥ ከብርሃኑ በፊት የነበሩት 38 ቀናትም ስም ይጠይቃሉ። ለ500 ዓመታት ሁለቱ መጻሕፍት በየራሳቸው ገዳም፣ በየራሳቸው ወገን ተነበዋል፤ ጎን ለጎን የሚያይ አንባቢ ያገኙት አሁን በኛ ዘመን ነው።

አንዷ ተማሪ መስመሩን «ይቃረናል» ብላ ሰየመችው። ሌላው እምቢ አለ፤ «ሁለቱም መወገራቸውን አልካዱም እኮ፤ አልተቃረኑም፤ የተለያዩት በምክንያቱ ነው» አለ። ሦስተኛዋ የካህን ልጅ ናት፤ መስመሩ ጭራሽ መኖር የለበትም፣ አንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፣ ሌላው ክርክር ነው ብላ ተቆጣች። አልገላገልኳቸውም። ድምፅ ይሰጥበት ያለም ነበር፤ እሱንም ከለከልኩ።

እስካሁን ገጹ ላይ አምስቱም ነጥቦች አሉ። በዜና መዋዕሉና በገድሉ መካከል ያለው መስመር በነጥብ ነጥብ ተሰምሯል፤ ሲነኩት ይበራል፤ የሚወጣው ሳጥን ውስጥ ሦስቱ ልጆች የጻፏቸው ሦስት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል። ፍላሹን የሚፈልግ የደብረ ብርሃን መምህር ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።